ቀሪ አየር

በጄጁ ደሴት ላይ፣ በደቡብ ዳርቻ፣
የኛ ቤተ ሙከራ አንድ ገንዳ ብቻ፤
ከገንዳው አናት ላይ ሚዛን ተንጠልጥሎ፣
ከሚዛኑ በታች ወንበር ተቀጥሎ፤
እዚያ ሰው ይቀመጥ፣ ይጥለቅ፣ ይመዘን፤
እኔ ከዳር ቆሜ ቁጥሩን ልተምን።

ማክሰኞ ጠዋት ነው ኮ ማልሱን የመጣች፣
ሰባ አንድ ዓመቷ፣ ጠላቂ ነበረች።
ነበረች ስላት ግን በዓይኗ ቆረጠችኝ፦
«ነበረች አትበል፤ ናት ብለህ ጻፍልኝ።»

በደረቁ ጀመርን። ቁመቷን ለካሁኝ፣
ክብደቷን በቁመት ሁለቴ አካፈልኩኝ፤
ሠንጠረዡም አለ፦ «ወፍራም ናት፤ ትቀንስ።»
«ሠንጠረዥህ ጠልቆ ያውቃል?» አለችኝ ስታስነጥስ።

በኤሌክትሪኩ ሚዛን በባዶ እግሯ ወጣች፣
ጠዋት የባሕር ሣር ሾርባ ጠጥታ ነው የመጣች፤
ውሃውን ሥጋ አለው፣ ጨውንም ጡንቻ አለ፣
ከሰዓት ስትደግም ሌላ ቁጥር ጣለ።
ያ ማሽን እንዲህ ነው፤ ይገምታል እንጂ አያይም፣
የተጠማን ሰው ከሰባ አይለይም።

መቆንጠጫም ያዝኩኝ፤ ከክንዷ ከኋላ፣
ከትከሻዋ ሥር፣ ከሆዷ፣ በመላ፤
አንዴ አሥራ ዘጠኝ፣ አንዴ ሃያ ሁለት።
ቆዳው ያው ቆዳ ነው፤ ከኔ ጣት ነው ስህተት።

የእጇን ጉልበት ለካሁ። ጸደዩን ስታስጨንቅ፣
«ሠላሳ አንድ ኪሎ!» እያልኩኝ ሳደንቅ፣
«ይኼ ደካማው ነው፤ ግራዬ ነው ቀንድ አውጣ ከዓለት የሚያላቅቅ።»

ከዚያ ወደ ገንዳው።

«እዚህ ግን ሌላ ነው፤ አየር ሳይዙ ይግቡ፤
ያለዎትን ትንፋሽ አሟጠው ያውጡት፣ አይቆጥቡ።»
እሷም ዝም አለችኝ። ውሃውን አየችው።
ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሞልታ ነው የገባችው፤
ሳንባን ሞልቶ መውረድ፣ ያ ነበር ትምህርቷ፣
ያ ነው ያላስቀራት እንደ ታላቅ እህቷ።

አንዴ ገባች፣ ወጣች፤ ቁጥሩ አልተቀመጠም፤
ሁለተኛም ገባች፤ ከፊተኛው አይገጥምም።
ከደረቷ ሥር የሆነ ቦታ አንድ ጭብጥ አየር ሸሽጋለች፤
እኔ አልወቀስኳትም፤ ሚዛኑ ላይ ግን ቀለለች።
በዚህ ስሌት መሀል አንድ ብርጭቆ ትንፋሽ
ስብ መስሎ ይቆማል፣ እውነትን አበላሽ።

በሦስተኛው ታዲያ ዓይኗን ጨፈነችና
ከንፈሯን አሾለች፤ ያቺን ፉጨት ለቀቀችና፤
ጠላቂ ከባሕር ሲወጣ የሚያፏጨውን፣
«አለሁ፣ ተርፌያለሁ» ለጓድ የሚለውን፣
ገና ሳትገባ አፏጨችው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ እስኪያልቅ፤
ግንቡም መለሰላት።
                    ከዚያ በኋላ ጥልቅ።

አንድ። ሁለት። አምስት። ፀጉሯ እንደ ሣር ተንሳፍፎ፣
የሚዛኑ መርፌ አንድ ቦታ አርፎ።

ሠላሳ ሁለት ከመቶ፤ ስቡ ይህ ነው። የቀረው
አጥንት፣ ጡንቻ፣ ውሃ፣ ሌላ ሌላም ነገር ነው።
ግን አንድ አየር አለ፤ ቢያፏጩ ቢያቃስቱ የማይወጣ፣
ሳንባ ለራሱ ያስቀረው፣ የማይሞላ፣ የማይታጣ፤
በሌላ መሣሪያ ለክተን ከስሌቱ እናወጣዋለን፤
ስሙን ቀሪ አየር እንለዋለን።
ይህን ስነግራት፣ ፎጣ ተከናንባ ሳለች፣
«እሱን እንኳ አውቀዋለሁ፤ የቤት መመለሻ ነው፤» አለች።

ከቦርሳዋ መዝዛ የእርሳስ ቀበቶዋን አወጣች፣
ፍሬዎቹን በጣቷ እየዳሰሰች ቆጠረች፦
«ሳገባ አራት ነበር። ሦስተኛዬን ስወልድ አምስት።
ባሌ የሞተ ዓመት እንደገና አራት፤
አልበላም ነበራ፣ ምሳ የለ እራት።
አሁን ስድስት ተኩል። ግማሹን ከመከር ወዲህ ጨመርኩ።
ባሕሩ ሲተፋኝ ነው መወፈሬን የማውቀው። ስንት ነው ያልከኝ?»
                         «ሠላሳ ሁለት» አልኩ።
«እሺ፣ ይሁን» አለች፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደሰማ ሰው።

በቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለም።
የኔም እጅ እርሳስ ይዟል፣ የሷም ወገብ እርሳስ፤
አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያወርዳል።
ከኅዳጉ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣
«እርሳስ፦ ስድስት ተኩል» ብዬ ጻፍኩና
ቀና ስል ጫማዋን አጥልቃለች፤
ማዕበሉ ሳይነሳ መድረስ አለባት፤
በሩን ሳትዘጋው ሄደች።